ወንበሬን የቀማኝ ቡራቡሬ ሐረግ

ወንበሬ ከመስኮቱ ሥር ተነሥቶ ኮሪደር ላይ ከቆመ ከረመ። ከዚያ ወንበር ላይ ሆኜ ነበር ሰፈሩን የማየው። ማን ከአውቶቡስ ወረደ፣ የማን ወታደር ልጅ ጠመንጃውን አንግቶ ለሰንበት መጣ፣ ማን ልብስ አስጥታ ረስታ ዝናብ መታባት፣ ሁሉንም ከዚያ ነበር የማውቀው። አሁን እዚያ የተቀመጠችው ሐረግ ናት። ከሥሯ ሳህን ተደርጎላታል፤ መጋረጃው በእሷ ልክ ተከፍቶላታል፤ ማዝጋኑ፣ ያ ቀዝቃዛ አየር የሚነፋው፣ እንዳይነፍስባት አፉ ወደ ጣሪያ ዞሮላታል። እኔ ወጥ ቤት ዱካ ላይ ነኝ። ሰው ሲመጣ ምነው እዚህ ተቀመጡ ይለኛል። ምን ልበል? ቅጠል ቀማኝ ልበል?

ያመጣችብኝ የልጄ ልጅ ናት። የሠራዊት አገልግሎቷን ጨርሳ ስትወጣ ከከተማው ወጣ ብሎ ካለ ሚሽታላ፣ ችግኝ እያፈሉ ከሚሸጡበት ቦታ፣ ሥራ ያዘች። ሥራው የአበባ ማሰሮ መሸከም ነው። ካንዱ መደብ ወደ ሌላው፣ ከመሬት ወደ መኪና። እናቷ፣ ልጄ ማለት ነው፣ ሮቫ ዩድ ቤት በሚባለው ሰፈር ነው የምትኖረው፤ በስልክ ታማርርልኛለች። ይህን ሁሉ ተምራ አፈር ትሸከማለች ትለኛለች። አፈር ምን አደረገሽ እላታለሁ። ከዚያ ስልኩን ትዘጋዋለች። ልጅቱ ግን መሸከሙን አትጠላውም፤ ልቧ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ከዚያው ግቢ ውስጥ አዳዲስ ዓይነት የሚያባዙበት የመስታወት ቤት አለ። እዚያ የሚገባው ተመርጦ ነው። እሷ ማሰሮውን እስከ በሩ ታደርስና ትመለሳለች። በመስታወቱ በኩል ውስጡን አያለሁ ብላ ስትነግረኝ አሳዘነችኝ።

እንግዲህ አንድ ቀን ሊጣል የተከመረ ሐረግ ስትደፋ አንዲት ቅርንጫፍ አየች። በየሳሎኑ የሚንጠለጠለውን፣ ቅጠሉ ልብ የሚመስለውን፣ ውኃ ቢረሱበትም የማይሞተውን ሐረግ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እሱ ነው። ይቺ ቅርንጫፍ ግን ግማሽ ቅጠሏ ነጭ፣ ግማሹ አረንጓዴ፣ በነጩ ላይ ደግሞ አረንጓዴ ፍንጥቅጣቂ አለባት፤ ግንዷ ላይ እንደ ክር የቀጠነ ነጭ መስመር ይሄዳል። በሬ ብትሆን አባቴ ቡሬ ብሎ ይጠራት ነበር። ልጅቱ ለሚሽታላው አለቃ አሳየችው። ሰውየው መነጽሩን አውልቆ አያት፤ እንዲህ ያለ ዓይነት አይቼ አላውቅም አለ። ዝንጉርጉርነቷን ሳትለቅ የመስከረም በዓላት ካለፉ እናባዛታለን፣ ያገኘሻት አንቺ መሆንሽ ይጻፋል፣ አንቺም ወደ መስታወቱ ቤት ትገቢያለሽ አላት። እዚህ አገር ሁሉ ነገር ከበዓላት በኋላ ነው። ሐኪሙም፣ ቧንቧ ጠጋኙም፣ ሹመቱም።

ለምን እኔ ዘንድ መጣች? ሚሽታላው ውስጥ ብትተዋት ቀንጥሶ ኪሱ የሚከት አይጠፋም። እናቷ ቤት ፀሐዩ እሳት ነው፤ ትንንሾቹ ወንድሞቿ ደግሞ ሳሎን ውስጥ ኳስ ይመታሉ። የእኔ ቤት ሮቫ ጊሜል በሚባለው ሰፈር፣ ከአሮጌዎቹ ብሎኮች አንዱ ላይ ነው። ፊት ለፊቱ ሌላ ብሎክ ስለቆመ ብርሃን እንጂ ፀሐይ አይገባውም። ስንት ዓመት ያማረርኩትን ጥላ እሷ እንደ ሀብት አየችው። ስልኳን ይዛ በየክፍሉ ዞረች፤ ስልኩ ብርሃን ይለካል አሉ። መኝታ ቤት ለካች፣ ወጥ ቤት ለካች፣ በመጨረሻ ከወንበሬ አጠገብ ቆማ ለካችና ፊቷ በራ።

"እምዬ፣ ሌላ ቦታ መቀመጥ ትችያለሽ?" አለችኝ።

እናቷ አንቱ ትለኛለች። ይቺ አንቺ ነው የምትለኝ፤ እዚህ ተወልዳ በዕብራይስጥ ስላደገች ለትልቁም ለትንሹም አንድ ቃል ነው ያላት። በዚያ አልተቀየምኳትም። በወንበሬ ግን ተቀይሜያለሁ።

ትእዛዟ ብዙ ነበር። ውኃው ተቀድቶ ያደረ ይሁን። ቅጠሏን በጨርቅ እንዳትጠርጊ። እንዳታዞሪያት። ከዚህ ቤት አንዲት ቅጠል እንዳትወጣ። ሁሉንም እሺ አልኩ። እኔ ጠዋት ወጥቼ መዞር የምወድ ሰው ነኝ። አውቶቡስ ይዤ ሃኪርያ፣ ሱቆቹ ካሉበት መሃል ከተማ፣ እወርዳለሁ፤ የምገዛው ሳይኖረኝ ሱቅ ለሱቅ ሄጄ፣ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ፣ ካገኘሁት ሰው ጋር አውርቼ እመለሳለሁ። አንዳንድ ቀን ወደ ባሕሩ እሄዳለሁ ብዬ እወጣና ሌላ ቦታ እገኛለሁ። ለሐረግ ብዬ መዞሬን አልተውኩም። ብቻ ስወጣ ደህና ዋይ እላት ጀመር፤ ይህን ለማንም አልተናገርኩም።

ያልገባኝ የመጨረሻው ትእዛዝ ነው።

"አረንጓዴ ብቻ የሆነ ቅርንጫፍ ካወጣች ቁረጪና ጣይው።"

"ጤነኛውን?"

"ጤነኛውን።"

"በሽተኛውንስ?"

"እምዬ፣ በሽተኛ የለም። የሚፈለገው ነጩ ነው።"

ቁጭ ብላ አስረዳችኝ። ነጩ ቅጠል ምግቡን መሥራት አይችልም፤ አረንጓዴው ነው እየሠራ የሚያበላው። አረንጓዴው ግን ጉልበተኛ ስለሆነ ከለቀቁት ነጩን ያጠፋዋል። ገባኝ አልኳት። የባሌ ወንድም እንደዚያ ነበር። ነጭ ኩታውን ተከናንቦ ጥላ ሥር ይውላል፣ ሌላው አርሶ ያበላዋል። ግን እሱ አምሮበት እንዲታይ ብሎ የሚያርሱትን የቆረጠ ሰው አልነበረም። ይህን ስላት ከልቧ ሳቀች። ሳቋን ስትጨርስ ብቻ ቁረጪ አለችኝ።

እኔ የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። የማውቀውን ያወቅኩት ከአባቴ ማሳ ነው፤ እዚያ ያየሁት ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው። ቅጠሉ ነጣ ነጣ ካለ፣ ነጠብጣብ ካወጣ፣ ዋግ መታው ይባላል፤ ወደ ጎረቤቱ ሳይዛመት ይነቀላል። አባቴ ከሰው ጋር እያወራ በማሳው መካከል ሲሄድ፣ ዓይኑን እንኳ ሳይጥል፣ እጁ ብቻውን ይነቅል ነበር። የእኔም እጅ እንደዚያ ነው። በዚያች ሐረግ አጠገብ ባለፍኩ ቁጥር እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ ነበር የማልፈው። በገዛ ቤቴ እንደ እስረኛ።

አረንጓዴዎቹን ቆረጥኩ። መጣሉ ላይ ግን እጄ እምቢ አለ። አንጓው ሥር ሊያወጣ ያበጠ ለምለም ነገር እንዴት ቆሻሻ ውስጥ ይከተታል? ብርጭቆ ውኃ ሞልቼ ወጥ ቤት መስኮት ላይ አቆምኳቸው። ብርጭቆው ሲጠብባቸው የአይብ ዕቃ አጥቤ ጨመርኩላቸው። ሥር አወጡ። ልጅቱ ስትመጣ ወደ ሳሎን እንጂ ወደ ወጥ ቤት ዘወር ብላ አታይም፤ እኔም ነይና እዪ አላልኳትም።

ከእኔ ቀጥሎ ባለው ብሎክ አንዲት ወዳጅ አለችኝ። አገር ቤት ሳለን የእሷ መንደር ከወንዙ ወዲያ፣ የእኔ ከወዲህ ነበር፤ የተዋወቅነው ግን በስደቱ ጊዜ ሱዳን ውስጥ፣ ውኃ ለመቅዳት ተሰልፈን ስንጣላ ነው። ከዚያ ወዲህ አልተለያየንም፤ አልታረቅንምም። አንድ ቀን ከሞዓዶን፣ ከአረጋውያኑ መሰብሰቢያ፣ ስትመለስ ጎራ አለች። ሳሎን ቆማ ሐረጊቱን አየቻትና ከንፈሯን መጠጠች።

"ምነው እቴ፣ ይቺን ዋግ መታት?"

"አልታመመችም፤ ዓይነቷ ነው።"

"የታመመ ሁሉ ዓይነቱ ነው። ንቀይና ጣያት።"

ወጥ ቤት ስትገባ ብርጭቆዎቹን አየች። እነዚህስ፣ አለች። አንዷን አንሥታ ሥሯን በመስኮቱ ብርሃን አየችና ይቺን ለዘር ስጪኝ አለችኝ።

ይህን የዛሬ ልጆች አያውቁትም። በእኛ ዘንድ ዘር የለመነ ሰው አይከለከልም። ለመብል የሚሆን እህል የለኝም ማለት ይቻላል፤ ዘር የለኝም ብሎ መመለስ ግን ነውር ነው። እናቴ አንድ ጊዜ ከጎረቤታችን ጋር ተኳርፋ ከረመች። ሴትዮዋ አንድ ማለዳ የጎመን ዘር ልትለምን ደጃችን ላይ ቆመች። እናቴ ሰላም አላለቻትም። ዘሩን አውጥታ የሴትዮዋ ቀሚስ ጫፍ ላይ ቋጠረችላትና ጀርባዋን ሰጥታት ገባች። ኩርፊያው ኩርፊያ ነው፣ ዘሩ ዘር ነው። ያቺን እናት አይቼ ያደግኩ ሰው ለወዳጄ ምን ልላት ኖሯል? እርግጥ ልጅቱ ቅጠል ከቤት አይውጣ ብላኛለች። ግን እኔ የሰጠሁት ጣይው ያለችኝን ነው። ጣይው ካለች በኋላ ምን አገባት? ሰጠኋት።

አንዴ እጄ ከተፈታ በኋላ ደግሞ ለሌላም ሰጠሁ። ሃኪርያ አግዳሚው ላይ አብራኝ የምትቀመጥ አንዲት የሩሲያ ሴት አለች። የእሷን ቋንቋ አላውቅ፣ የእኔን አታውቅ፣ በእጅ ነው የምናወራው። ለእሷ በአይብ ዕቃ አድርጌ ወሰድኩላት። ጉንጬን ሳመችኝ። ሌላዋን ለማን እንደማደርሳት ሳላውቅ ይዣት ወጣሁና አውቶቡስ ላይ ረሳኋት።

በዚህ መካከል ሐረጊቱ እየነጣች ሄደች። ልጅቱ በመጣች ቁጥር አዲሱን ቅጠል ጎንበስ ብላ ታያለች፣ ፎቶ ታነሣለች፣ ለአለቃዋ ትልካለች። ገዢ የሚወደው ነጩ የበዛበትን ነው አላት መሰለኝ። ስለዚህ አረንጓዴ የሆነውን ብቻ ሳይሆን አረንጓዴ የበዛበትንም መቁረጥ ጀመረች፤ ያንን በእኔ እጅ አይደለም፣ ራሷ በራሷ መቀስ። ግማሽ ነጭ ይወጣ የነበረው ሙሉ ነጭ ሆኖ ወጣ። ማማሩን አልክድም። አዲስ የታጠበ ነጠላ ይመስል ነበር። ግን ማን ሊያበላት ነው አልኳት።

"አውቃለሁ እምዬ። ትንሽ ብቻ፣ እስከ በዓላቱ" አለችኝ።

ከዚያ ሻራቭ መጣ፤ ያ ከበረሃ በኩል የሚነፍሰው ትኩስ ነፋስ። የነጩ ቅጠል ጠርዝ እሳት እንደ ላሰው ወረቀት ቡናማ ሆነ። ልጅቱ ሥራዋን ጥላ መጣች። ውኃ ረጨች፣ ላስቲክ አለበሰች፣ ቦታ ለወጠች። ሐረጊቱ ከቤት ቤት ዞረች፤ አንዴ መታጠቢያ ቤት፣ አንዴ አልጋዬ ራስጌ። ወንበሬ ግን ከኮሪደሩ አልተነሣም፤ ምናልባት ትመለሳለች ተብሎ ቦታው ተጠብቆላታል። ልጄ ከሮቫ ዩድ ቤት ደውላ፣ እኔ ወገቤን ሲያመኝ እንዲህ ያለ ሩጫ አላየሁም አለችን። እውነቷን ነው። ምንም አልረዳም። በዓላቱ ሊገቡ ሲሉ ግንዱ ለሰለሰ፤ ሲነኩት ውኃ ሆነ።

ልጅቱ ማሰሮዋን ታቅፋ ወለሉ ላይ ተቀመጠች፣ ሰው ሲሞትብን እንደምንቀመጠው። ላጽናናት ፈለግሁ፤ የመጣልኝ ግን ንዴት ነው። ለዚህ ነው ይህን ሁሉ ጊዜ ዱካ ላይ የተኮራመትኩት? አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ፊቷን ሳይ መለስኩት።

"ስግብግብ ሆንኩ" አለች። "እያወቅኩ እኮ ነው።"

ቀና ብላ አየችኝ።

"እምዬ፣ አረንጓዴዎቹን የት ነበር የምትጥያቸው?"

ነገርኳት። ትጮሃለች ብዬ ነበር። ተነሥታ ትከሻዬን ያዘች። አረንጓዴውም ከዚያው ግንድ ነው፤ ነጩ ውስጡ ተደብቆ ሊሆን ይችላል፤ ደህና ብርሃን ካገኘ መልሶ ያወጣው ይሆናል፤ የት አሉ አለችኝ። ቤቴ የቀረ አልነበረም፤ ሰጥቼ ጨርሻለሁ። አውቶቡስ ላይ የረሳኋት የት እንደ ወረደች እግዜር ይወቅ። ያቺ የሩሲያ ሴት በበዓል ሰሞን አግዳሚው ላይ አትመጣም፤ ቤቷን አላውቅ፣ ስሟን አላውቅ። ልጅቱ ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጫነች። ለማታውቂያት ሰው ትሰጫለሽ አለችኝ። ዘር ለሚያውቁት ሰው ብቻ ይሰጣል ያላት ማን ነው?

የቀረችን ወዳጄ ናት። ሄድን።

የእሷ ቤት ላይኛው ፎቅ ነው፤ የጠዋት ፀሐይ እንደ ልቡ ይገባል። ልጅቱ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች ትወጣና መልሳ ወደ እኔ ትወርዳለች፤ እኔ በየፎቁ አርፋለሁ። ለምን ሰጠሻት እያለች ነዘነዘችኝ። እኔም በአንዱ ፎቅ የእናቴን ነገር ጀመርኩላት፣ በሌላው የጎመን ዘሩን አስከተልኩ፣ ቀሚሷ ጫፍ ላይ ቋጠረችላት ስል ከበሩ ደረስን። ሰማችኝ አልሰማችኝ አላወቅሁም።

ገብተን አየን። ሐረጉ ከመስኮቱ ሥር ተነሥቶ፣ በመጋረጃው ዘንግ ላይ ሄዶ፣ ከቴሌቪዥኑ በላይ ዞሮ፣ የልጆቿን ፎቶ ከብቦ ወርዷል። አረንጓዴ። ከጫፍ እስከ ጫፍ አረንጓዴ፣ ቅቤ የተቀባ ይመስላል። ልጅቱ ቅጠል በቅጠል እያየች ተከተለችው። አንዲት ነጭ ነጥብ የለም። ፊቷ እያየሁት ጠቆረ።

ወዳጄ ደግሞ ኮርታለች።

"አየሽ አያያዜን?" አለችኝ። "የሰጠሽኝ እኮ በሽታ ያለበትን ነው። ነጭ ነጭ እያወጣ አስቸገረኝ። ባወጣ ቁጥር ስቀነጥስ፣ ባወጣ ቁጥር ስቀነጥስ፣ ይኸው አዳንኩት።"

ልጅቱ የእኛን አማርኛ ሁሉ አትሰማም፤ ይህችን ግን ሰማች። ሶፋው ጫፍ ላይ ዝፍ አለች። እኔ መሳቅም ማልቀስም አቃተኝ። ያቺ የሩሲያ ሴት ብትሆን ነጭ ቅጠል ስታይ ደስ ብሏት ትተወው ነበር። ይህን ያህል ተግቶ፣ ከበሽታ አድናለሁ ብሎ የሚያጠፋ የእኛ ሰው ብቻ ነው። አፌን ሞልቼ እንዳልቆጣት ደግሞ እኔም በእሷ ቦታ ብሆን ቀንጥሼው ነበር።

"የቀነጠሱት ከየት ከየት ላይ ነው?" አለች ልጅቱ። "ቦታውን ያሳዩኝ፣ እባክዎ።"

አንቱ አለቻት። ከተወለደች ጀምሮ ከአፏ ሰምቼው አላውቅም። ለካ ታውቀው ኖሯል፤ ለእኔ ነው የሰሰተችው።

ወዳጄ ወደ እኔ ዞረች። "ምንድን ነው የምትፈልገው?"

"በሽታውን" አልኳት።

"በሽታውን?"

"ያን ነጩን። ዓይነቱ ነው ብዬሽ አልነበረም?"

"አንቺ የምትይውን ማን ይሰማል።"

ይህን ብትልም ተነሣች። ዓይኗ ደክሟል፣ እጇ ግን አይረሳም። ግንዱን እየዳሰሰች ሄደች፤ እዚህ፣ እዚህም፣ ይቺ ደግሞ ክፉዋ ነበረች እያለች። ልጅቱ የስልኳን መብራት አብርታ እግር በእግር ተከተለቻት። ከሥሩ ብዙም ሳይርቅ፣ ከአንዲት አንጓ ሥር፣ ክር የምታህል ነጭ መስመር አገኘች። እኔንም አሳየችኝ። አላየሁትም፤ አየሁ አልኩ።

ችግሩ ቦታው ነው። እዚያ ላይ ከተቆረጠ፣ በዘንጉ ላይ የሄደው፣ በፎቶው ዙሪያ የወረደው፣ ሁሉም ይወድቃል። ልጅቱ ይህን አየች። ወዳጄም አየች። ከዚያ ልጅቱ ቀስ ብላ፣ በተሰባበረ አማርኛዋ፣ "ለዘር ይስጡኝ" አለች።

ደረጃው ላይ ሰምታኝ ኖሯል።

ወዳጄ ወደ ፎቶዎቹ አየች፤ ወደ ሐረጉ አየች፤ መጨረሻ ላይ ወደ እኔ አየች፣ በዓይኗ እየሰደበችኝ። ወጥ ቤት ገብታ መሳቢያ ስታንኳኳ ሰማናት። መቀስ ይዛ ወጣች።

"እንግዲህ ይታመም" አለችና መቀሱን ለልጅቱ ሰጠቻት።

እነሆ ሐረጊቱ ተመልሳ ከመስኮቴ ሥር ናት። ወንበሬ ኮሪደር ላይ ነው። በዓላቱ ሲያልፉ ልጅቱ ለአለቃዋ እውነቱን ነገረችው፤ ከአንዲት አንጓ ጀምሬያለሁ፣ የሚወጣውን አላውቅም አለችው። እስቲ እስከ ፋሲካ እንይ አላት። የብርዱን ወራት በሙሉ ሁለታችን ያቺን አንጓ ስናይ ከረምን። ሁለታችን ስል ተሳሳትኩ፤ ሦስታችን። ወዳጄ በሽተኛዋን ልትጠይቅ በየቀኑ ትመጣለች። ከኮሪደሩ ወንበሬን ጎትታ ከሐረጊቱ ፊት ለፊት ትቀመጣለች። እኔ ዱካዬን ይዤ ከጎኗ። የእኔ ሐረግ ራቁቱን ቀርቶልኝ ይቺን ልይ ትላለች፤ ከሥሩ ያቆጠቆጠውን ግን አትናገርም፣ እኔ ሄጄ አይቼዋለሁ።

የመጀመሪያው ቅጠል አረንጓዴ ሆኖ ወጣ። ልጅቱ መቀሷን አላነሣችም፤ ይህ ያብላት፣ ይቆይ አለች። የሚቀጥለው ተጠቅልሎ ብዙ ቆየ። ሲፈታ ግማሹ ነጭ ነበር፤ በነጩ ላይ አረንጓዴ ፍንጥቅጣቂ። ልጅቱ ዘንድ ደወልኩ። በዚያው ቀን አለቃዋን ይዛ መጣች። ሰውየው ደረጃችንን ወጥቶ እያለከለከ ገባ፤ መነጽሩን አወለቀ፤ ግንዱን አየ፤ አረንጓዴውን ቅጠል ሳትቆርጪ መተውሽ ጥሩ ነው አላት። ከእሑድ ጀምሮ ሥራሽ መስታወቱ ቤት ነው አላት። ልጅቱ እኔን ትታ ወዳጄን አቀፈቻት። ይህንንም ልብ ብያለሁ።

እንግዲህ አሁን ሐረጊቱ ትሄዳለች፣ ወንበሬ ይመለሳል ብዬ ነበር። የለም። ቅጠሉ እስኪጠነክር እንዳትነቃነቅ ተብሏል። አዲስ ትእዛዝም ተጨምሯል፤ እኔም ሆንኩ ወዳጄ እጃችንን እንዳንሰድ።

ትናንት ወዳጄ ወንበሬ ላይ ተቀምጣ ስለ ሞዓዶኑ ምሳ ታወራኛለች። ድንቹ ጨው የለውም፣ ዶሮው ደርቋል፣ እንዲህ እንዲህ። ዓይኗ እኔ ላይ ነው። እጇ ግን ብቻውን ተነሣ፣ እንደ አባቴ እጅ፣ ወደ ነጩ ቅጠል ሄደ። በያዝኩት ማማሰያ ጣቷን መታኋት። ደንግጣ እጇን ሳበች፤ ጣቷን አየች፣ ቅጠሉን አየች።

"ደህና ናት?" አለችኝ።

"ደህና ናት። ታማለች" አልኳት።